የታሰረች ፍየል

በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ የሚገኘው የኡም ራኩባ መጠለያ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ለተሰደዱ ኢትዮጵያውያን መጠጊያ ነበር፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ ጦርነት ለሸሹት እንደገና ተከፈተ። ቤት ንብረቱን ጥሎ የመጣ ስደተኛ አንዲት ፍየል ቢያገኝ ከደጃፉ ማሰሩ አያስደንቅም። አካባቢው የማሽላ አገር ነውና የሰው ሰብል የበላች ፍየል ከባለ እርሻው ጋር ታጣላለች። በሰው አገር ጠብ ደግሞ ውድ ነው።

ይሁን እንጂ ገመዱም የራሱ ጉዳት አለው። የፍየል ሰኮና እንደ ሰው ጥፍር ዘወትር ያድጋል፤ በድንጋያማ መሬት ስትመላለስ ይሞረዳል። የገዳሪፍ መሬት ግን ዋልካ ነው፤ በክረምት ይጨቀያል። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ታስራ የምትውል ፍየል ሰኮናዋ ያለ ልክ ረዝሞ ይጠማዘዛል፤ ውላ አድራም ታነክሳለች። ያነከሰች ፍየል እንደ ልቧ ቅጠል ቀንጥሳ አትጠግብም፤ ወተቷም ይቀንሳል።

«የምትበላው ከቀረበላት መዞሩ ምን ያደርግላታል?» የሚል አይጠፋም። በኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ሃምስተር ለምትባለው የአይጥ ዘመድ በጎጆዋ ውስጥ የሚደረግላትን መሽከርከሪያ ሜዳ ላይ አኑረው ነበር። በ2006 ዓ.ም. እንዳሳተሙት፣ ማንም ያላሰራቸው የዱር አይጦች በገዛ ፈቃዳቸው እየገቡ ሮጡበት። መሮጡን የሚፈልገው የተዘጋበት እንስሳ ብቻ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

ስለዚህ ማሽላው እስኪታጨድ ድረስ አንድ ልጅ ጧትና ማታ ገመዱን ይዞ በመንገድ ዳር ያመላልሳት። የረዘመው ሰኮናም በስለት ይስተካከል። አጨዳው ካበቃ በኋላ፣ ባለ እርሻው ከፈቀደ፣ በባዶው ማሳ ላይ ትለቀቅ።