ትንሹ ዓሣና የሽማግሎች መርሳት

አያት ወይም አባት አሁን የጠየቁትን መልሰው ሲጠይቁ፣ በልተውም አልበላሁም ሲሉ፣ «ጃጅተዋል» ብሎ ማለፍ በየቤቱ የተለመደ ነው። ሆነ ብለው የሚያደርጉት መስሎት የሚቈጣቸውም አይጠፋም። ነገር ግን ብርቱ መርሳት የአንጎል ሕመም እንጂ የጠባይ ጉድለት አይደለም። በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ይህ ሕመም አለባቸው፤ የብዙዎቹም ሕመም አልዛይመር የተባለው ዐይነት ነው። ለዚህ ነገር ዛሬ ምስክር አድርገን የምናቀርበው አንድ ትንሽ ዓሣ ነው።

ዓሣው ዜብራ ዓሣ ይባላል። ርዝመቱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ገላው እንደ ሜዳ አህያ ሸንተረር አለው፤ የትውልድ አገሩም ሕንድና ጎረቤቶቿ ናቸው። በአሜሪካ፣ በኦሬጎን ዩኒቨርሲቲ፣ ጆርጅ ስትራይሲንገር የተባሉት ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ምርምራቸውን ካሳተሙ ወዲህ በየቤተ ሙከራው ታወቀ። በ2013 የታተመ ጥናትም ከሰው ዘረ መሎች 70 በመቶ ያህሉ በዚህ ዓሣ ውስጥ አቻ እንዳላቸው አስረድቷል።

ዓሣ ደግሞ ምን ያስታውሳል? ይባል ይሆናል። ሁለት ቅርንጫፍ ባለው የውሃ መተላለፊያ ውስጥ ሲለቀቅ፣ ምግብ የሚገኝበትን ወገን ደጋግሞ በመሞከር ይማራል። ስኮፖላሚን የተባለ መድኃኒት ሲሰጠው ግን መማርና ማስታወስ ይቸግረዋል። መድኃኒቱ አሴቲልኮሊን የተባለውን፣ በነርቭ ሴሎች መካከል መልእክት የሚያደርሰውን ንጥረ ነገር ሥራ ያግዳልና ነው። በአልዛይመር ሕመምም ይህን ንጥረ ነገር ከሚሠሩት ሴሎች ብዙዎቹ ይሞታሉ። ስለዚህ ዓሣው የሚረሳው ስለ ሰነፈ ሳይሆን መልእክተኛው ስለ ታገደ ነው።

የዓሣው ጫጩት ገላው እንደ መስተዋት የጠራ መሆኑ ሌላ ጥቅም አለው። በ2009 በጀርመን አገር የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ በአልዛይመር ሕመም በአንጎል ውስጥ የሚቋጠረውን ታው የተባለ የሰው ፕሮቲን ጫጩቶቹ እንዲሠሩ አድርገው፣ የነርቭ ሴሎች ሲሞቱ በሕይወት ባለ እንስሳ ውስጥ በማጉያ መሣሪያ ተመለከቱ።

ሆኖም ዓሣ ሰው አይደለም። ያደገ ዜብራ ዓሣ የተጎዳ አንጎሉን በአዲስ ሴሎች ለመተካት ታላቅ ችሎታ አለው፤ የሰው አንጎል ግን እንዲህ አይታደልም። የጥቂት ቀን ጫጩትም የ80 ዓመት ሽማግሌን ዕድሜ አልኖረም። ስለዚህ «መድኃኒቱ በዓሣ ላይ ሠራ» የሚል ወሬ ስንሰማ፣ ገና ረጅም መንገድ እንደሚቀረው ዐውቀን ገንዘባችንን ለሻጭ አንስጥ።

ከዓሣው ትምህርት ግን ዛሬ ለቤታችን የሚሆን አለ። ለአለርጂና ለእንቅልፍ ከሚወሰዱት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ እንደ ስኮፖላሚን ያንኑ መልእክተኛ ያግዳሉ፤ በሽማግሎችም ላይ መርሳትንና መደናገርን ያመጣሉ። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረትና የታይሮይድ ዕጢ ድካምም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ እነዚህ ግን ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ መርሳት የጀመሩትን አባት ወይም እናት ወደ ሐኪም ስንወስድ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በከረጢት አድርገን ይዘን እንሂድ፤ ከሐኪሙም ፈቃድ በፊት አንዱንም አናስቁም። ለአሥረኛ ጊዜ ሲጠይቁንም እንደ መጀመሪያው ጊዜ በለሰለሰ ቃል እንመልስላቸው።