ሳል ያደከማቸው አረጋውያንና ገበታቸው

ማለዳ በሐዋሳ መናኸሪያ የቆመ ሰው ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶና ከሌሎችም ወረዳዎች ከሚመጡት አውቶቡሶች በልጆቻቸው ተደግፈው የሚወርዱ አረጋውያንን ሳያይ አይቀርም። ወደ ሐኪም ቤት የሚሄዱ ናቸው። ጥቂት ተራምደው ይቆማሉ፤ ትንፋሻቸውንም ሰብስበው እንደ ገና ይራመዳሉ። በያዙት ከረጢት ውስጥ የመድኃኒት ብልቃጥና የካርድ ወረቀት ይገኛል፤ ስንቅ ግን አይገኝም። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ስለ ሳላቸው ብዙ ይጠየቃሉ፤ ስለ ገበታቸው ግን የሚጠይቃቸው ጥቂት ነው። ይህ ልማድ እንዲለወጥ እንወዳለን፤ በዚህ ወር ለአንባብያን ለመናገር ያሰብነውም ይኸንኑ ነው።

የአረጋውያን የሳምባ ሕመም ዐይነቱ ብዙ ነው። አስም አለ፤ የሳምባ ነቀርሳ ትቶት የሚሄድ ጠባሳ አለ፤ እንዲሁም የዐየር ቧንቧዎችን ቀስ በቀስ የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳምባ በሽታ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ይህ የመጨረሻው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ገድሏል። በበለጸጉት አገሮች ዋናው ምክንያት ሲጋራ ሲሆን፣ በአገራችን ግን ሲጋራ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ እናቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ በማጀት የእንጨት ጢስ ሲምጉ ስለ ኖሩ ይታመማሉ።

ሳምባው የታመመ ሰው ስለ ምን ይከሳል? ለጤነኛ ሰው መተንፈስ ድካም የሌለበት ነገር ነው፤ የዐየር ቧንቧው ለጠበበበት ሰው ግን ሌትና ቀን የማያቋርጥ የጉልበት ሥራ ነው። ስለዚህ ተቀምጦ እየዋለ እንኳ ብዙ ኀይል ያወጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ሆድ በምግብ ሲሞላ ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ ወደ ላይ ስለሚገፋው ትንፋሽ ያጥራል፤ በዚህም ምክንያት ሕመምተኛው ሁለት ሦስት ጊዜ ጐርሶ እጁን ይሰበስባል። ወጪው በዝቶ ገቢው ሲያንስ ሰውነት የገዛ ጡንቻውን መብላት ይጀምራል። የመተንፈሻ ጡንቻም ከዚሁ ጡንቻ አንዱ ነው። እርሱ ሲደክም ሳል ኀይል ያጣል፤ አክታም ከሳምባ ሳይወጣ ይቀራል፤ የሳምባ ምችም ይከተላል።

በአካባቢያችን የሚበላው ቆጮ የተመሰገነ ምግብ ነው፤ በቅቤ የታሸው ቡርሳሜም በጥቂት ጕርሻ ብዙ ኀይል ስለሚሰጥ ትንፋሽ ላጠረው ሰው እጅግ ይስማማል። ነገር ግን በእንሰት ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲን በጣም ጥቂት ስለ ሆነ፣ ብቻውን ሲበላ ሆድን ይሞላል እንጂ የጠፋውን ጡንቻ አይመልስም። 60 ኪሎ ለሚመዝኑ አረጋዊ ሕመምተኛ በቀን 72 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል፤ አንድ እንቁላል የሚሰጠው 6 ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከቆጮው ጋር ዐይብ፣ ሽሮ፣ ምስር ወይም ወተት መጨመር ይገባል። (ወተት አክታ ያበዛል የሚባለው እውነት አይደለም።) ሐይቁም ደጃችን ነው። ከአሞራ ገደል የሚገዛ ቆሮሶ አጥንቱ በጥንቃቄ ወጥቶ በደንብ ቢበስል ጥርስ ለሌላቸው እንኳ አያስቸግርም፤ ዐሣን በጥሬው የመብላትን ልማድ ግን ለወጣቶችም አንመክርም። ምግቡ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ይቅረብ፤ ከመብላት በፊትም ይረፉ። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ጾምን በሚመለከት፣ የክርስቲያኑም የእስላሙም ሃይማኖት ለሕመምተኛ የሚራራ ስለ ሆነ፣ ቤተ ሰቡ ከንስሐ አባት ወይም ከሼኹ ጋር በግልጥ ይነጋገር።

ቤተ ሰቡ በፍቅር የሚሠራው ሌላም ጉዳት አለ። ብርድ እንዳይመታቸው በማለት መስኮቱን ዘግተው፣ በከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀምጠው፣ ዕጣን አጢሰው ቡና ያፈሉላቸዋል። ቡናው ይቅር አንልም፤ በቡና የሚሰበሰብ ጐረቤት ለብቸኛ ሽማግሌ መድኃኒት ነው። ከሰሉ በደጅ ይቀጣጠል፤ ጀበናው ፈልቶ ይግባ፤ ዕጣኑ ይቅር፤ መስኮቱም ይከፈት። በአውቶቡስም እንዲሁ ነው። ነፋስ ይመታኛል እየተባለ መስኮት ተዘግቶ ሦስት ሰዓት የሚሳልበት ጉዞ ከነፋሱ ይልቅ ይጐዳል።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ሁሉ በጤና ጣቢያ አክታው ይመርመር። በተለምዶ ፓፍ የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት በአፋቸው የሚስቡም ከሳቡ በኋላ አፋቸውን በውሃ ይጕመጥመጡ፤ አለዚያ አፍ ይቈስልና መብላት ይከለክላል።

ከሁሉ ይልቅ የምናሳስበው ስለ ሚዛን ነው። ሕፃናት በየጊዜው ይመዘናሉ፤ ክንዳቸውም ይለካል፤ መልካም ነው። የሰባ ዓመት ሽማግሌን ግን ማን ይመዝናል? በባሕር ማዶ በተማርንበት ሐኪም ቤት የሳምባ ሕመምተኛ ከሁሉ አስቀድሞ በሚዛን ላይ ይቆም ነበር። ይህ ልማድ ገንዘብ የማይጠይቅ ስለ ሆነ፣ ከዚያ ካየነው ሁሉ ፈጥኖ ሊለመድ የሚችለው እርሱ ይመስለናል። 60 ኪሎ የነበሩ ሰው ሳያስቡት በስድስት ወር ውስጥ 3 ኪሎ ቢቀንሱ፣ እርጅና ነው ተብሎ የሚታለፍ ጕዳይ አይደለም። ሚዛን በሌለበትም የባታቸው ዙሪያ በሜትር ይለካ፤ ከ31 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ጡንቻቸው መመንመኑን ያመለክታልና ምግባቸው ይመርመር። በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ሕፃናት በሚመዘኑበት ቀን አያቶቻቸውም አብረው ቢመጡ፣ አንዱ መዝገብ ለሁለቱም ይበቃል።