የዡዊ ጨርቅ ሥዕልና ሠራተኞቹ

በፈረንሳይ አገር ዲዮር የተባለው የልብስ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. «ትዋል ደ ዡዊ»፥ ይኸውም የዡዊ ጨርቅ፥ የሚባለውን የዱሮ ሥዕል አድሶ በቀሚስና በከረጢት ላይ አወጣው፤ ዋጋውም ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነው። ቤቱ ለዚህ የራሱ ምክንያት አለው፤ በ1947 በፓሪስ የከፈታት ትንሽ ሱቅ ያጌጠችው በዚሁ ጨርቅ ነበረና።

የሥዕሉ ትውልድ ግን ከዚያ ይርቃል። የሕንድ ሰዎች በቀለም ያተሙት የጥጥ ጨርቅ ፈረንሳይ በገባ ጊዜ ሕዝቡ እጅግ ስለ ወደደው፥ የሐርና የሱፍ ሠሪዎች እንዳይጐዱ መንግሥቱ በ1686 ጨርቁን ማስገባትንም መሥራትንም ከለከለ። ክልከላው በ1759 ተነሣ፤ በተከታዩም ዓመት ኦበርካምፍ የተባለ የጀርመን ተወላጅ በቬርሳይ አጠገብ በዡዊ መንደር ማተሚያ አቋቋመ። ማተሚያው በ1843 ቢዘጋም፥ የጨርቁ ቅርስ ዛሬ በዚያው መንደር በቤተ መዘክር ይጠበቃል።

ከንድፎቹ ሁሉ የሚበልጠው ሠዓሊው ኡዌ በ1783 የሣለው ነው። በዚያ ላይ የሚታዩት ነገሥታት ወይም የግሪክ አማልክት አይደሉም፤ ጨርቁን የሚያጥቡት፥ በመስክ ዘርግተው የሚያነጡት፥ ቀለሙን የሚያትሙት ሠራተኞች ናቸው። ባለ ማተሚያው የሠራተኛውን ድካም በሚሸጠው ጨርቅ ላይ ማሣሉ ያስመሰግነዋል። በታደሰው ጨርቅ ላይ ግን የሠራተኛውን ስፍራ አንበሳና ዝንጀሮ ይዘውታል።

እንዲህ ያለ ንድፍ የባለቤትነት መብቱ ዘመን ካለፈ ቈይቷልና ማንም ቢያትመው ሕግ አይከለክልም፤ ቤቱም አልበደለም። ነገር ግን ሕግ ያልጠየቀውን ኅሊና ይጠይቃል፤ ጥበቡን ያስተማሩት ሕንዳውያን ስማቸው እንኳ ባይታወቅ አገራቸው ሊጠቀስ ይገባ ነበር። በከረጢቱ ፊት ተጽፎ የሚነበበው የዲዮር ስም ነው።