ጭብጦ በቸኮሌት

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ትምህርት ቤት አላወራም ብዬ ነበር። አልሆነልኝም።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ የመጣችው እህቴ መክሰስ ሠራችልን። ብስኩት አድቅቃ በካካዎ፣ በስኳርና በቅቤ ለወሰችና አድበለበለችው። መጋገር የለ፣ ምድጃ የለ። «ሳይጋገር የሚሠራ ቸኮሌት ነው» አለችን። ከሻይ ጋር ይጣፍጣል፣ አልዋሽም። እናቴ ግን አንዷን አገላብጣ አየችና «ታዲያ ይሄ ጭብጦ አይደለም እንዴ?» አለች።

እውነቷን እኮ ነው! የበሶ ገብስ ቀድሞ ስለሚቆላ ዱቄቱ እንደ ጥሬ ዱቄት እንደገና እሳት አይፈልግም። ለዚህ ነው መንገደኛው በውኃ ለውሶ ብቻ የሚበላው። ቲቤቶችም የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ሻይ እያሹ ይበላሉ። ፃምፓ ይሉታል፣ ዋና ምግባቸው ነው።

እኛ ጋ ግን ያሳፍራል። ነገሬም እዚህ ላይ ነው። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ስንቃቸው በሶ ነው። አንዱ ተማሪዬ በእረፍት ሰዓት ከክፍል ጀርባ ጭብጦውን ሲጎርስ ደረስኩበት፤ ሲያየኝ እጁን ኪሱ ከተተ። ብስኩት የያዘው ልጅ መሀል ሜዳ ቆሞ ነው የሚበላው። ብስኩቱ ስኳርና ፉርኖ ዱቄት፣ በሶው ገብስ። ማፈር የነበረበት የቱ ነው? (እኔም በተማሪነቴ ደብቄ በልቻለሁ።)

ማክሰኞ በብስኩቱ ፋንታ በበሶ ሞከርኩት። ሁለት ብርጭቆ በሶ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ ቁንጥር ጨው። ሩብ ብርጭቆ ማርና ግማሽ ብርጭቆ የቀለጠ ቅቤ አፍስሳችሁ እሹት። አልያዝ ካለ ሞቅ ያለ ውኃ ጠብ ጠብ አድርጉ። ጠብ ጠብ ነው ያልኩት፤ የእኔ የመጀመሪያው ገንፎ ሆኗል። ፍሪጅ አያስፈልገውም። በጾም ቅቤውን ትታችሁ ተቆልቶ የተወቀጠ ኑግ ጨምሩበት፣ ዘይቱ ራሱ ያለሰልሰዋል። ካካዎ ከሌለም ግድ የለም፣ ኑጉ ያጠቁረዋል። ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላዩ ከአይቮሪ ኮስትና ከጋና ነው የሚመጣው፣ ኑጉ ግን እዚሁ ጎጃም ማሳችን ላይ ነው ያለው።

ረቡዕ ይዤ ሄድኩ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ተሻሙበት፣ «ቸኮሌት ከየት አመጣህ?» እያሉ። በሶ ነው ስላቸው አንዱ ቲቸር የያዘውን እንደገና አየው፣ ከዚያ ሌላ ጨመረ። ለዚያ ልጅም ሁለት አስቀርቼለታለሁ።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ዶክተር፣ ሹፌር፣ ነጋዴ የሆናችሁ፣ ስንቃችሁ ምን እንደነበር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሰኞ ክፍል ገብቼ አነብላቸዋለሁ።