ግንቡን ሳያፈርሱ ውስጡን ማየት

ፋይበርስኮፕ እንደ ገመድ የሚተጣጠፍ፣ ዓይን በማይደርስበት ጠባብ ቦታ ገብቶ ምስል የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በሆስፒታል፣ ጨጓራ በሚታይበት የኢንዶስኮፒ ምርመራ ነው። ለጎንደር ግን ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው። የፋሲል ግቢ ግንቦች ውስጣቸው ሳይታይ ሊጠገኑ አይገባም፤ ውስጡን ለማየት ደግሞ ግንብ ማፍረስ አያስፈልግም።

የመሣሪያው መሠረት ከፀጉር የቀጠኑ በሺዎች የሚቆጠሩ የመስታወት ክሮች እሽግ ነው። እያንዳንዱ ክር ብርሃንን በተለየ መጠን በሚሰብር ሌላ መስታወት ተሸፍኗል። በዚህ ምክንያት ክሩ ቢታጠፍም በውስጡ የሚጓዘው ብርሃን ወደ ውጭ ሳያመልጥ እየነጠረ ጫፍ ይደርሳል። ከክሮቹ ከፊሎቹ ብርሃን ያስገባሉ፤ የቀሩት ምስል ያወጣሉ። ምስል የሚያወጡት በሁለቱም ጫፍ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ስለሚደረደሩ እያንዳንዱ የምስሉን አንዲት ነጥብ ይሸከማል። አንድ ክር ከተሰበረ በምስሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ተመራማሪዎቹ ሆፕኪንስና ካፓኒ ምስልን በክሮች እሽግ የማስተላለፍን አሠራር በ‹ኔቸር› መጽሔት ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ በ1957 ደግሞ ሐኪሙ ባዚል ሂርሾዊትዝ ተጣጣፊውን የጨጓራ መመልከቻ ይፋ አደረገ። ዛሬ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ጫፍ ላይ በክሮቹ ፋንታ ጥቃቅን ካሜራ ተተክቷል፤ ለግንብ ምርመራ ባለ ክሩም ባለ ካሜራውም ያገለግላሉ።

አፄ ፋሲለደስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሩት ግቢ 900 ሜትር በሚሆን የድንጋይ አጥር የተከበበ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ድንጋዩን ያያያዘው ኖራ ነው። ወፍራም የድንጋይ ግንብ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ፊቶቹ በደንብ ተደርድረው መሀሉ በስብርባሪ ድንጋይና በኖራ ይሞላል። የክረምቱ ዝናብ በስንጥቅ ሲሰርግ የመሀሉን ኖራ ቀስ በቀስ ያጥበዋል። ፊቱ ደህና መስሎ ሳለ ውስጡ ይቦረቦራል፤ ግንቡ ሆድ ሲያወጣ ጉዳቱ ሥር ሰዷል። በግቢው ያለው የአፄ ኢያሱ ግንብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ1941 የእንግሊዝ ቦምብ ደርሶበታል። በፋሲለደስ መዋኛ የዛፍ ሥሮች ግንቡን አቅፈው ይዘውታል፤ ከውጭ የሚታየው ሥር ውስጡ ምን ያህል እንደዘለቀ አይናገርም።

ልምድ ያለው ግንበኛ ድንጋዩን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ባዶነቱን ከድምፁ ይለያል። ይህ ዕውቀት መተው የለበትም፤ የት መመርመር እንዳለበት የሚጠቁመው እሱ ነው። ባዶነቱ ከምን እንደመጣ ግን ጆሮ አይለይም። ስለዚህ ድንጋዩ ሳይነካ፣ በሁለት ድንጋዮች መካከል ባለው ኖራ ላይ ከጣት የማይሰፋ ቀዳዳ ይበሳል። አቧራው ከተጠረገ በኋላ መሣሪያው ቀስ እያለ ይገባል፤ በየጥልቀቱ የታየው በግንቡ ንድፍ ላይ ይመዘገባል። ኖራው ጸንቶ እንደሆነ፣ ዱቄት ሆኖ እንደሆነ፣ እርጥበት ወይም ሥር ገብቶ እንደሆነ በዓይን ይታያል። ሲያበቃ ቀዳዳው በኖራ ይደፈናል።

መሣሪያው ሁሉን አያሳይም። የሚያየው በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ብቻ ነው፤ የአንድ ቀዳዳ ውጤት ለመላው ግንብ ፍርድ አይሆንም። ቀዳዳም በራሱ ቁስል ነው። ስለሆነም ያለ ዕቅድ መበሳት ቅርሱን ይጎዳል፤ የሙቀት ካሜራና የመሬት ራዳር የመሳሰሉ፣ ሳይነኩ የሚመረምሩ መሣሪያዎች ቢቀድሙ የሚበሳው ቦታ ያንሳል።

ይህ ጥንቃቄ የበዛ እንዳልሆነ የጎንደር የራሷ ታሪክ ይመሰክራል። በጣሊያን ወረራ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተደረገው ጥገና ሲሚንቶና የብረት ኮንክሪት ተጠቅሟል። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ግትርና እርጥበት የማያሳልፍ በመሆኑ ውኃውን በግንቡ ውስጥ ያፍናል፤ ጉዳቱም ወደ ድንጋዩ ይዞራል። በኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ የተሠራው ሥራ ከፊሉ ያንን ሲሚንቶ በኖራ መተካት ነበር። የግንቡን ጠባይ ሳያውቁ መጠገን ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

ስለዚህ በማንኛውም ጥገና ከኖራው ዝግጅት በፊት የውስጥ ምርመራ ሊቀድም፣ ምስሉና ንድፉም በመዝገብ ሊቀመጥ ይገባል። ከክረምት በኋላ ያው ቦታ እንደገና ሲታይ፣ ጥገናው መያዙ ወይም ውኃው አሁንም መስረጉ በማስረጃ ይታወቃል። መሣሪያውን የሚይዘው መሐንዲስና ኖራውን የሚያውቀው ግንበኛ አብረው ሲሠሩ፣ የሚፈርሰው ማፍረስ የግድ የሆነበት ድንጋይ ብቻ ይሆናል።