ሳይቃጠል በቅጠል፦ ስለ ላፕቶፕ ማጠፊያ

የቆየ ላፕቶፕ ክዳኑ ሲላቀቅ ባለቤቱ የሚሰማው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «አርጅቷል፣ ሌላ ግዛ»። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ማሽኑ ዛሬም ይጽፋል፣ ያሰላል፣ የሰጡትን ያስቀምጣል፤ የተጎዳው አንገቱ ብቻ ነው። አንገቱን ያመመውን ሰው ማን ይቀብራል?

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ክዳኑን ከታችኛው አካል ጋር የሚያያይዘው የብረት ማጠፊያ የሚሠራው በፍትጊያ ነው፤ ክዳኑ ባቆምነው ቦታ የሚቆመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ብረቱ ራሱ ብርቱ ነው። በብዙዎቹ ላፕቶፖች ግን የታሰረው ፕላስቲክ ውስጥ በተተከሉ፣ ብሎን በሚቀበሉ ትናንሽ ናሶች ላይ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ቅባቱ ይደርቃል፣ አቧራና ዝገት ይገባበታል፣ ማጠፊያውም አልታጠፍ ይላል። እንደ ጮሌ ባለ ደጋ ደግሞ የማለዳው ብርድ ቅባቱን ያወፍራል፤ ፕላስቲኩንም ለስንጥቅ ያቀርበዋል። ከዚያ ወዲያ ክዳኑን በከፈትን ቁጥር ጉልበታችን የሚያርፈው በፕላስቲኩ ላይ ነው። አንድ ቀን «ቀጭ» ይልና ናሱ ከነሥሩ ይነቀላል።

እንግዲህ ስንጥቁን በሙጫ አጣብቆ መመለስ ብቻውን ጥገና አይባልም። የደረቀው ማጠፊያ እንደ ደረቀ ከተመለሰ ሙጫውንም ይነቅለዋል። አስቀድሞ ባትሪው ይወጣል፤ ማጠፊያው ይፈታል፤ ጠብታ ቀጭን ዘይት ተደርጎበት እስኪላላ ድረስ ለብቻው ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። በዘንጉ ጫፍ ማጥበቂያ ካለው እርሱም በጥቂቱ ይላላል። ናሶቹ በኢፖክሲ ተተክለው አንድ ሙሉ ቀን የሚቆዩት ከዚህ በኋላ ነው። ፕላስቲኩ ተፈረካክሶ ካለቀ ክዳኑን በስቶ በብሎን ማሰር ይቻላል፤ መልኩ ይጎዳል፣ ሥራው ግን ይቀጥላል። በማጠፊያው በኩል የሚያልፈውን የስክሪኑን ገመድ መጠበቅ ብቻ አይዘንጋ።

የባንክ ሠራተኛ ነኝና ነገሩን በብርም እመዝነዋለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ላፕቶፕ ደግሞ ከውጭ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። ገብስና ስንዴ ሸጦ ለዩኒቨርሲቲ ልጁ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ የአርሲ ገበሬ «ሌላ ግዛ» ሲባል ምን ይሽጥ? የልጁ የመመረቂያ ጽሑፍስ እስከዚያ የት ይቆይ?

አሮጌ ዕቃ መጠገንን የድህነት ምልክት አድርገው የሚያዩ አሉ። ባለጸጋዋ ፈረንሳይ ግን ከ2021 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ ላፕቶፕን ጨምሮ አንዳንድ ዕቃዎች ለጥገና ያላቸው ምቹነት ከ10 ነጥብ ተሰልቶ ለገዢ እንዲገለጽ በሕግ አዛለች። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም የተጣለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ 62 ሚሊዮን ቶን ሲሆን፣ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከሩብ ያነሰው ነው። መጠገን ለሀብታምም ለድኻም ያዋጣል።

ስለዚህ ጠጋኞቻችን ሙጫውን ከማንሳታቸው በፊት ካቻቢቴውን ያንሡ፤ ማጠፊያውን ሳያላሉ ክዳኑን አይመልሱ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችንም ይህን መሰሉን ጥቃቅን ጥገና እንደ ሙያ ያስተምሩ። ባለ ላፕቶፖችም ክዳኑን በአንድ ጥግ ሳይሆን በመካከሉ ይዛችሁ ክፈቱ። በማጠፊያው ዙሪያ ክፍተት ካያችሁ፣ ወይም ክዳኑ ከወትሮው ከከበዳችሁ፣ ዛሬውኑ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት። ገና ማላላት ብቻ ነው የሚፈልገው።