የምንስቅበት ሕመም

ባለፈው ወር ከመኝታ ክፍላችን ጓደኞች አንዱ ታመመ። እንቅልፍ አጣ፤ ለብቻው ማውራት ጀመረ፤ ኋላም ዘመዶቹ መጥተው ወደ አገሩ ወሰዱት። እኛስ ምን አደረግን? ሳምንት ሳይሞላ ቅጽል ስም አወጣንለት፤ በራት ሰዓትም አነጋገሩን እያስመሰልን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ያን ምሽት «የሚሻለው ጠበል ነው»፣ «የለም፣ ኪኒን ነው» ስንባባል እኩለ ሌሊት ሆነ። አንዲት ደብዳቤ የጻፈለት ግን ከመካከላችን አልተገኘም።

የአእምሮ ሕመምተኛን መሳቂያ ማድረግ በእኛ አልተጀመረም። በ18ኛው መቶ ዓመት የለንደን ሰው ቤተልሔም ወደሚባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል፣ አንበሳ ለማየት እንደሚሄድ ሁሉ፣ ለመዝናናት ይጎርፍ ነበር። ሆጋርዝ የተባለው ሠዓሊ በ1735 (ዓመቶቹ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ካሳተማቸው ስምንት ተከታታይ ሥዕሎች በመጨረሻው ይህንኑ አሳይቷል። ሀብቱን የጨረሰው ጐልማሳ ራሱን ተላጭቶ፣ ራቁቱን ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ወለል ላይ ወድቋል። ከበስተኋላው ያማረ ልብስ የለበሱ ሁለት ሴቶች ቆመዋል፤ አንደኛዋ ፊቷን በማራገቢያ ከልላለች። እኛን ያሳፈሩን እነዚህ ሴቶች ናቸው። ሊያዩ መጥተው እንዳላዩ ይሆናሉ!

ጉብኝቱ በ1770 ተገታ፤ ስሙ ግን ቀረ። ዛሬም በእንግሊዝኛ «ቤድላም» ማለት ሁከት ነው። በእኛስ ከተማ «አማኑኤል» የሆስፒታል ስም ብቻ ነውን? ሐሳቡ ያልጣመንን ሁሉ በቀልድ ወደዚያ እንልክ የለምን?

ሌላም ሥዕል አለ። ሮቤር ፍለሪ በ1876 ሲሥል፣ ፒኔል የተባለው ሐኪም ፓሪስ ውስጥ የሴት ሕሙማንን ሰንሰለት ሲያስፈታ አሳየ። ያማረ ሥዕል ነው። ሆኖም በዚያው ከተማ አጠገብ፣ በቢሴትር፣ በ1797 የሕሙማኑን ሰንሰለት ያስቀረው ፑሴን የተባለ የሕሙማን ጠባቂዎች አለቃ ነበር፤ እርሱም ሐኪም አልነበረም። (ሠዓሊዎች ከጠባቂ ይልቅ ሐኪም መሣል ሳይወዱ አይቀሩም።) እኛም «ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው» ብለን እጃችንን ስናጣጥፍ ይህን ሰው ብናስታውሰው መልካም ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሳቁ ከፍርሃት የመጣ ነው» ይሉናል። ይሆናል፤ በፈተና ሰሞን እንቅልፍ ያላጣ ማን አለ?

ጓደኛችን በሚመጣው ወር ይመለሳል ተብሏል። በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋውን የልብስ መከመሪያ አድርገነዋል፤ እርሱን ዛሬ ማታ እናነሣለን። ቅጽል ስሙን ግን አንደኛ ዓመቶቹም ለምደውታል፤ ከእነርሱ አፍ እንዴት እንደምናስመልሰው ገና አላወቅንም።